ይህን የሕክምና ቢል ከየትኛው ኪስ ልክፈል? ኤች ኤስ ኤ፣ ኤፍ ኤስ ኤ ወይስ የራስ ገንዘብ

ባለፈው የካቲት፣ የታክስ ሥራ በተጧጧፈበት ሰሞን፣ አንዲት እህት ሁለት ደረሰኝ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። አንደኛው ከአዲስ አበባ የጥርስ ክሊኒክ የተቆረጠ ነው። ሰማያዊ ማኅተም አርፎበታል፤ ስሟና ቀኑ በእጅ ተጽፎ ከሥሩ «የታች መንጋጋ፣ የሥር ሕክምና» ይላል። ሁለተኛው የእናቷ ነው፤ ባሕር ዳር የዐይን ሞራ የተገፈፉበት። የራሷን ጥርስ «ውጭ አገር የታከምኩት አይቆጠርልኝም» ብላ ከኪሷ ከፍላለች። ለእናቷ ዐይን ግን «ሕክምና እስከሆነ ድረስ ምን ችግር አለው?» ብላ ከኤች ኤስ ኤዋ፣ ማለትም ታክስ ከማይቆረጥበት የጤና ቁጠባ ሂሳቧ፣ አውጥታ ልካለች።

ሁለቱንም ገልብጣ ነው የሠራችው። የራሷ ጥርስ ከኤች ኤስ ኤ ሊከፈል ይችል ነበር፤ የእናቷ ዐይን ግን አይችልም። ይህን ስነግራት ዝም ብላ ደረሰኞቹን አየቻቸው። ሳትጠይቅ ቀርታ አይደለም። የጠየቀችው ግን «ምን ዓይነት ሕክምና ይፈቀዳል?» ብላ ብቻ ነበር። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ የታከመው ማን ነው?

ይህን የጻፍኩት አሜሪካ እየኖራችሁ ኤች ኤስ ኤ ላላችሁ፣ ወይም በመጪው የኢንሹራንስ ምዝገባ ለመክፈት ለምታስቡ ነው። የገንዘብ ጣሪያዎቹ የ2026 ናቸው፤ ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር።

ሦስቱ ኪሶች

ኤች ኤስ ኤ፣ በአማርኛችን የጤና ቁጠባ ሂሳብ፣ ከ2004 ጀምሮ ያለ ነው። ገንዘብ ለማስገባት ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት እናንተ የምትከፍሉት) ከፍ ያለ ኢንሹራንስ ሊኖራችሁ ይገባል፤ በ2026 ለአንድ ሰው ቢያንስ 1,700፣ ለቤተሰብ 3,400 ዶላር። በዓመት የሚገባው ጣሪያ፣ አሠሪው የሚጨምረውን ጨምሮ፣ ለአንድ ሰው 4,400፣ ለቤተሰብ 8,750 ዶላር ነው። ዕድሜው 55 የሞላ 1,000 ዶላር ያክልበታል። ገንዘቡ የራሳችሁ ነው። ሥራ ብትለቁ አብሯችሁ ይሄዳል፤ ዓመቱ ቢያልቅም አይቃጠልም።

ኤፍ ኤስ ኤ ታክስ ሳይቆረጥ ከደሞዝ ለሕክምና የሚመደብ ገንዘብ ሲሆን፣ በአሠሪው በኩል የሚመጣ ነው። ጣሪያው 3,400 ዶላር ሲሆን፣ በዓመቱ ያልተጠቀማችሁበት ይቃጠላል። አንዳንድ አሠሪ እስከ 680 ዶላር ወደሚቀጥለው ዓመት ያሻግራል፤ አንዳንዱ ሁለት ወር ተኩል ይጨምራል፤ አንዳንዱ ምንም። ሥራ ስትለቁም ብዙውን ጊዜ የቀረው ይቀራል። ያም ሆኖ ኤፍ ኤስ ኤን የምመርጥበት ሁኔታ አለ። ለዓመቱ የፈረማችሁት ገንዘብ፣ ገና ከደሞዛችሁ ሳይቆረጥ፣ በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን መጠቀም ትችላላችሁ። በየካቲት የምትወልድ ሴት ወይም ልጁን በጥር ብሬስ የሚያስገባ አባት ይህን ቢያስብበት ደግ ነው። ኤች ኤስ ኤ ግን የሚከፍለው እስከዚያ ቀን የተጠራቀመውን ብቻ ነው።

ሦስተኛው የራስ ኪስ ነው፤ ማለትም ታክሱ ተቆርጦ የተረፈው ገንዘብ። ብዙ ሰው ሳያስበው የሚከፍለው ከዚህ ነው፤ ውድነቱም አይታየውም። የፌደራል ታክሱ 12 በመቶ የሆነ ሠራተኛ ለ1,000 ዶላር የጥርስ ቢል ከኪሱ ሲከፍል፣ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚቆረጠው 7.65 በመቶ ሲታከልበት፣ ያንን 1,000 ዶላር በእጁ ለማስገባት ከ1,240 ዶላር በላይ መሥራት ነበረበት። ከደሞዝ በቀጥታ ወደ ኤች ኤስ ኤ ቢገባ ኖሮ 1,000 ዶላር ይበቃው ነበር። «ግድ የለም፣ ታክስ ስሞላ አስቀንሰዋለሁ» የሚል አይጠፋም። ይህ የሚሆነው ተቀናሾቹን ዘርዝሮ ለሚሞላ ሰው ነው፤ እሱም የሕክምና ወጪው ከገቢው 7.5 በመቶ ያለፈለት እንደሆነ። 60,000 ዶላር ለሚያገኝ ሰው የመጀመሪያው 4,500 ዶላር አይቆጠርም ማለት ነው። አብዛኞቻችን እዚያ አንደርስም።

በየዓመቱ የማየው አንድ ስሕተት ደግሞ አለ። ባል በሥራው ኤች ኤስ ኤ ይከፍታል፤ ሚስት በሆስፒታል ሥራዋ መደበኛውን ኤፍ ኤስ ኤ ትፈርማለች። የእሷ ኤፍ ኤስ ኤ የእሱንም ሕክምና ስለሚሸፍን እሱ ወደ ኤች ኤስ ኤ ማስገባት አይፈቀድለትም፤ ያስገባውም ካልወጣ በየዓመቱ 6 በመቶ ቅጣት ይጣልበታል። ሁለቱንም የምትፈልጉ ከሆነ፣ ለጥርስና ለዐይን ብቻ የተወሰነውን ኤፍ ኤስ ኤ ጠይቁ። እሱ ከኤች ኤስ ኤ ጋር አይጋጭም። ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ማታ ተቀምጣችሁ የሁለታችሁንም ወረቀት ጎን ለጎን እዩት።

ኡበር፣ ሊፍት ወይም ታክሲ ለምትነዱ፣ በአጠቃላይ ለራሳችሁ ለምትሠሩ፣ ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ ጥሩ ለውጥ መጥቷል። በማርኬትፕሌስ፣ ማለትም በመንግሥት በኩል በተዘጋጀው የኢንሹራንስ ገበያ፣ የሚገኙት ብሮንዝ የተባለው ደረጃ ኢንሹራንሶች በሙሉ ለኤች ኤስ ኤ ብቁ ሆነዋል፤ ቀድሞ ብዙዎቹ አይሆኑም ነበር። አካውንቱን ባንክ ሄዳችሁ ራሳችሁ ትከፍታላችሁ፤ እስከ ታክስ ማስገቢያው ቀን ድረስ ላለፈው ዓመት ማስገባት ትችላላችሁ፤ በቅጽ 8889 አድርጎ ከገቢያችሁ ይቀነሳል። ለራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፍለውን የሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ ግን አይቀንስም። ካሊፎርኒያና ኒው ጀርሲ ያላችሁም ስቴታችሁ ኤች ኤስ ኤን እንደማያውቅ አትርሱ፤ ጥቅሙ የፌደራሉ ብቻ ነው።

ማን ታከመ?

እኛን ከሌላው ሕዝብ ይልቅ የሚነካን ይሄኛው ነው፤ የቤተሰባችን ግማሽ እዚያ፣ ግማሹ እዚህ ነውና።

ኤች ኤስ ኤ የሚከፍለው ለባለቤቱ፣ ለትዳር ጓደኛውና በታክስ ሕግ ጥገኛው ለሆነ ሰው ነው። ትዳር ላይ ሕጉ የመኖሪያ ቦታ አይጠይቅም። በሕግ ተጋብታችሁ ሚስትህ አዲስ አበባ ቪዛ እየጠበቀች ከሆነ፣ እዚያ የታከመችው ይቆጠራል። በኢንሹራንስህ ውስጥ ባትኖርም ይቆጠራል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ስንቱ ባል ታክስ በተቆረጠበት ገንዘብ ሲከፍል ኖሯል።

ጥገኛ ሲባል ግን ሌላ መስፈርት አለ። ሰውየው ወይ የአሜሪካ ዜጋ፣ ወይ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ያለችው እናት፣ የዕለት ጉርሷንና መድኃኒቷን ሁሉ እናንተ ብትችሉም፣ በዚህ ሕግ ጥገኛችሁ አይደለችም። ይህ ልብ ይሰብራል፤ እኔም ለሰው መናገር ከሚከብዱኝ ነገሮች አንዱ ነው። ለእሷ የምትልኩት ከራስ ኪስ ይሁን። በሻንጣ የሚሄድላት የደም ግፊት መለኪያም እንደዚሁ፤ ለእናንተ ቢገዛ ኖሮ ይፈቀድ የነበረው ያው ዕቃ ለእሷ ሲሆን አይፈቀድም። አገር ቤት ያለ፣ የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ልጅም እንደ እናት ነው የሚታየው።

እናት ግሪን ካርድ አግኝታ እዚህ ከመጣች ነገሩ ይለወጣል። ከኑሮ ወጪዋ ከግማሽ በላይ የምትችሉት እናንተ ከሆናችሁ፣ አብራችሁ ባትኖርም፣ ኢንሹራንሷ ያልሸፈነላትን ጥርስ፣ መነጽር ወይም የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ ከኤች ኤስ ኤያችሁ ልትከፍሉላት ትችላላችሁ። ትንሽ ገቢ ቢኖራትም ለዚህ ጉዳይ አያግዳትም። የግሮሰሪውን፣ የቤት ኪራዩን፣ የመድኃኒቱን ወጪ መዝግባችሁ ያዙ፤ «ከግማሽ በላይ» የሚለው የሚረጋገጠው በዚያ ነው።

ትልልቅ ልጆች ላይ ደግሞ ኤች ኤስ ኤና ኤፍ ኤስ ኤ ይለያያሉ። ልጃችሁ 24 ዓመቱ ነው እንበል፤ ሥራ ይዟል፣ ግን እስከ 26 ዓመት ስለሚፈቀድ አሁንም በእናንተ ኢንሹራንስ ነው። ታክስ ላይ ጥገኛችሁ ስላልሆነ ኤች ኤስ ኤያችሁ ለእሱ አይከፍልም። ኤፍ ኤስ ኤ ግን ልጁ በዚያ ዓመት መጨረሻ 27 እስካልሞላው ድረስ በፌደራል ሕግ ሊከፍልለት ይችላል። ወይም ልጁ ራሱ፣ በእናንተ ባለ ከፍተኛ ዲዳክቲብል ኢንሹራንስ ስር እንዳለ፣ የራሱን ኤች ኤስ ኤ ይክፈት። እኔ ብሆን ይህን ነው የማደርገው፤ ወጣት ሳለ የጀመረው ለእርጅናው ይሆነዋል። የተፋቱ ወላጆች ደግሞ ልጁ ታክስ ላይ በማንኛቸውም ቢሞላ ሁለቱም ከየኤች ኤስ ኤያቸው ሊከፍሉለት ይችላሉ።

ለምን ታከመ?

ወጪው በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም ወይም ለመከላከል መሆን አለበት። «ለጤና ጥሩ ነው» የሚባል ሁሉ አይገባም። ጥርስ ማስሞላት፣ ማስነቀል፣ ማሳጠብ፣ ብሬስና አርቲፊሻል ጥርስ ይገባሉ፤ ጥርስ ማስነጣት አይገባም። በሐኪም የታዘዘ መነጽር፣ ኮንታክት ሌንስ፣ የሌዘር የዐይን ቀዶ ጥገና ይገባሉ፤ ተራ የፀሐይ መነጽር አይገባም። ዲዳክቲብል፣ ኮፔይ (በየቀጠሮው የምትከፍሉት ድርሻ)፣ የስኳር መለኪያና ኢንሱሊን፣ አኩፓንክቸር፣ ክራንች ያለ ጥያቄ ይገባሉ።

ከፋርማሲ የወጣ ረጅም ደረሰኝ አስቡ፦ ታይሌኖል፣ የልጅ ሳል ሽሮፕ፣ ሞዴስ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሻምፑ፣ ቸኮሌት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይገባሉ፤ የቀሩት አይገቡም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒትና ሞዴስ የተፈቀዱት በመጋቢት 2020 በኮሮና ሰሞን በወጣው ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ለታይሌኖል እንኳ የሐኪም ትእዛዝ ይጠየቅ ስለነበር፣ ብዙ ሰው ዛሬም አይፈቀድም ብሎ ያምናል። ካሸር ላይ ሁለት ክምር አድርጋችሁ በሁለት ካርድ ክፈሉ፤ በኋላ ደረሰኝ ላይ እስክሪብቶ ይዞ ከማስላት ያድናል።

ቫይታሚን፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የሽፈራው ዱቄት ለአጠቃላይ ጤና ሲባል የሚወሰዱ ከሆነ አይገቡም። ሐኪም ለተወሰነ በሽታ መድኃኒት ይሁንህ ብሎ ያዘዘው ምግብ-ነክ ማሟያ ከሆነ ግን ይለያል፤ የሐኪሙን ወረቀት ከደረሰኙ ጋር አያይዙት። ጂምም እንዲሁ ነው፤ ለሰውነት ጥንካሬ አይሆንም፣ ለጉዳት የታዘዘ ፊዚዮቴራፒ ግን ይሆናል። ኢንተርኔት ላይ ጥቂት ጥያቄ ብቻ አስሞልቶ «ምግባችሁንና ጂማችሁን ከኤች ኤስ ኤ ክፈሉ» የሚል ደብዳቤ የሚሸጥላችሁ ድርጅት ካጋጠማችሁ ራቁ። አይ አር ኤስ፣ የአሜሪካው የታክስ መሥሪያ ቤት፣ ራሱ በመጋቢት 2024 በይፋ አስጠንቅቋል።

ስለ አራስ ቤትም ይጠይቁኛል። የወሊዱ የሆስፒታል ቢል፣ የወሊድ ትምህርት፣ የጡት ወተት ማለቢያው ይገባሉ። ገንፎ የምታገነፋ፣ ሕፃኑን የምትይዝ፣ ቤት የምታጸዳ ሴት ብትቀጥሩ ግን ክፍያዋ አይገባም፤ እናትን ለማረስ ከአገር ቤት ለምትመጣው አያት የሚቆረጠው ትኬትም አይገባም። የቀብር ወጪ፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክን ጨምሮ፣ ሕክምና አይደለም።

የኢንሹራንስ ወርኃዊ ክፍያ በመደበኛው አይፈቀድም። የሚፈቀደው ሥራ ለቃችሁ የቀድሞ አሠሪያችሁን ኢንሹራንስ ራሳችሁ እየከፈላችሁ (በኮብራ) ስትቀጥሉ፣ የሥራ አጥ ክፍያ በምትቀበሉበት ጊዜ፣ በተወሰነ ልክ ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስ፣ እንዲሁም 65 ዓመት ሲሞላችሁ ለሜዲኬር ነው፤ ሜዲጋፕን፣ ማለትም የሜዲኬር ማሟያ ኢንሹራንሱን፣ ግን አይጨምርም። የአይ አር ኤስን ሕትመት 502 ብቻ አንብባችሁ እንዳትወስኑ የምለውም በዚህ ምክንያት ነው። እሱ የተጻፈው ወጪውን ታክስ ላይ ለሚቀንስ ሰው ስለሆነ ወርኃዊ ክፍያውን ይፈቅዳል፣ ታይሌኖልን ይከለክላል፤ ኤች ኤስ ኤ ላይ ተቃራኒው ነው። ስለ ኤች ኤስ ኤ የተጻፈውን ሕትመት 969ን አብራችሁ እዩ።

አገር ቤት የተደረገ ሕክምና

ሐኪም ቤቱ የት አገር እንዳለ አይደለም ሕጉ የሚያየው፤ ሕክምናው ሕጋዊ መሆኑን ነው። ለገና ወይም ለጥምቀት ሄዳችሁ ጥርሳችሁን ብትታከሙ፣ መነጽር ብታሠሩ ይቆጠራል። ካርዱ እዚያ ባይሠራ እንኳ በብር ከፍላችሁ፣ ስትመለሱ በከፈላችሁበት ቀን ምንዛሪ ወደ ዶላር መልሳችሁ ከኤች ኤስ ኤያችሁ ለራሳችሁ ታወጣላችሁ። ደረሰኙ ላይ የታካሚው ስም፣ ቀኑ፣ የተደረገው ሕክምናና የተከፈለው ብር በግልጽ ይጻፍ። «ለሕክምና» ብቻ ብለው ከጻፉላችሁ መልሳችሁ አስጽፉ፤ አውሮፕላን ከተሳፈራችሁ በኋላ ማን ያስተካክልላችኋል? በአማርኛ የተጻፈውን ምን እንደሚል በእንግሊዝኛ ጎኑ ላይ አስፍሩ።

ትኬቱ ሌላ ነገር ነው። ለሠርግ ወይም ለበዓል ሄዳችሁ ጥርስ ስላሳያችሁ ትኬቱ ሕክምና አይሆንም። መድኃኒትም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሐኪም የታዘዘና በሁለቱም አገር ሕጋዊ የሆነ መድኃኒት እዚያው ገዝታችሁ እዚያው ከወሰዳችሁት ይገባል። ርካሽ ነው ብላችሁ ለስድስት ወር የሚሆን በሻንጣ ይዛችሁ የመጣችሁት ግን በአብዛኛው አይገባም።

ከጉዞ በፊት እዚህ የምትከፍሉትን ደግሞ አትርሱ። የቢጫ ወባና የታይፎይድ ክትባት፣ ለልጆቹ የታዘዘው የወባ መከላከያ ክኒን ይገባሉ። እነዚህን ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፤ አራት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በመኪናችሁ ወደ ሐኪም ለምትመላለሱበትም ፓርኪንግና የመንገድ ክፍያ ይገባል፤ ቀጠሮውንና የሄዳችሁበትን ማይል መዝግቡ።

አሁን ላውጣ ወይስ ይቆይ?

ሕክምናው የተደረገው ኤች ኤስ ኤው ከተከፈተ በኋላ መሆን አለበት። በመጋቢት ቀዶ ጥገና ተደርጎ በሰኔ የተከፈተ አካውንት የመጋቢቱን አይከፍልም። ስለዚህ ብቁ ኢንሹራንስ በጀመራችሁበት ወር፣ በትንሽ ገንዘብም ቢሆን፣ ክፈቱት።

ከዚያ በኋላ ግን የማውጫ ቀነ ገደብ የለም። ኤፍ ኤስ ኤ «ቶሎ አምጡ» ይላል፤ ኤች ኤስ ኤ ይጠብቃችኋል። አቅሙ ያለው ሰው የዛሬውን ቢል ከኪሱ ከፍሎ፣ የኤች ኤስ ኤውን ገንዘብ ኢንቨስት አድርጎ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ በዛሬው ደረሰኝ ያለ ታክስ ሊያወጣው ይችላል። ለሁሉም ሰው አልመክረውም። ክሬዲት ካርድ ላይ ወለድ እየቆጠረ ያለ ቢል ካላችሁ ዛሬውኑ ከኤች ኤስ ኤ ክፈሉት። ትርፍ ገንዘብ ላለው ግን ከዚህ የተሻለ ቁጠባ አላውቅም። ደረሰኙ በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ የፋርማሲ ወረቀት በሁለት ዓመት ውስጥ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ኤች ኤስ ኤ ያለበት ባንክ ስታወጡ ማስረጃ አይጠይቃችሁም፤ የሚጠይቀው አይ አር ኤስ ነው፣ እሱም ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። በኢንሹራንስ የተተካላችሁን ወይም ታክስ ላይ የቀነሳችሁትን ወጪ ደግሞ መልሳችሁ ከኤች ኤስ ኤ አታውጡ።

ላልተፈቀደ ነገር የወጣ ገንዘብ እንደ ገቢ ታክስ ይከፈልበታል፤ ከ65 ዓመት በታች ከሆናችሁ 20 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። ከ65 በኋላ ቅጣቱ ይቀራል፣ ታክሱ ብቻ ይቀጥላል።

ይፈቀዳል ብሎ በቅንነት ተሳስቶ ያወጣ ሰው መመለሻ መንገድ አለው። ስሕተቱን ላወቀበት ዓመት ታክስ የሚገባበት ቀን ሳያልፍ፣ ማራዘሚያ ሳይቆጠር፣ ገንዘቡን ወደ አካውንቱ ሊመልስ ይችላል፤ ባንኩ ግን የመቀበል ግዴታ የለበትም። የዚያች እህት ባንክ ቅጽ አስሞልቶ ተቀበላት። ለእናቷ ዐይን ያወጣችውን መለሰች። በሚቀጥለው ሳምንት ባለ ሰማያዊ ማኅተሙን ደረሰኝ ይዛ የጥርሷን ብር ወደ ዶላር መነዘርን፣ ያንን አወጣች።